ቢስቲማ ያለችው ላሜ

ባለሀብት መሆኔን ታውቃላችሁ? አትሳቁ። ላም አለችኝ፤ ቢስቲማ፣ አያ ይማም ዘንድ። ለርቢ ከሰጠኋት ስድስት ዓመቷ ነው። ውሉ ቀላል ነው፦ ላሚቱ የእኔ፣ ድካሙ የሳቸው፤ ወተቱ ለሳቸው፣ ጥጃው እኩል። ጥጃው ከሞተ ደግሞ ለማስረጃ ቆዳው ይመጣልኛል። እስካሁን ሁለት ቆዳ ደርሶኛል።

በቀደም ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለው ቤቴ አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቷን ይዛ መጣች። የየአገሩን ቤተሰብ ገቢ ለክተው ሊያስተያዩን ነው አሉ። ከማን ጋር? ብላት ከዓለም ሁሉ ጋር አለችኝ። እግዜር ያሳያችሁ! ጥያቄው ሁለት ነው፤ ከጉልበት የሚገኝ ገቢና ከሀብት የሚገኝ ገቢ። የሀብቱ ቁጭ ብለው የሚያገኙት ነው ብላ አስረዳችኝ። በሰለጠነው አገር ቁጭ ያለው ከሚሮጠው ይበልጣል አሉ። እኛ ዘንድ ቁጭ ያለውማ ሞልቷል፤ የጠፋው ገቢው ነው።

ጉልበቱ አላስቸገረንም። ኮምቦልቻ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ነኝ፤ ደመወዜ ለመጻፍም አያደክም። ሀብት ስትል ግን ደረቴን ነፋሁ። ላም አለችኝ አልኩ። ባለቤቴ ዘነበች ከጓዳ ሆና፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች። ልጅቷ ዘንድሮ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። አንድ ቅል ቅቤ። ያወጣሁትስ? ለአያ ይማም ስኳርና ሳሙና፣ ለሚስታቸው ሻሽ፣ ለላሚቱ ጨው፣ ለእኔ የመኪና። ባዶ እጅ መሄድ ነውር አይደል? ደምራ ቀነሰችና ዜሮ ጻፈችልኝ። ታብሌቱ ከዜሮ በታች አይቀበልም አለች። ቆዳውስ? አልኳት። ለቆዳ ቦታ የለውም።

ነደደኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባለላም ነኝ ብዬ ስንቱን ጎረቤት ቁልቁል አይቻለሁ! ላሜን ተቀብዬ እዚያው ቢስቲማ ገበያ ልሸጣት፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዬንም ላስቀይር ቆረጥኩ። በእረፍት ቀኔ በሐይቅ በኩል ወደ ቢስቲማ ወጣሁ። ስኳሩን ግን ያዝኩ። ሰው ላሙን ሊወስድ ቢሆንስ ባዶ እጁን ሰው ቤት ይገባል?

ስደርስ አያ ይማም ደጃፋቸው ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠዋል። ያው ታብሌት፣ ያው ጥያቄ። ጀርባቸውን ስለሰጡኝ አላዩኝም። ልጁ ላም አለችዎት ወይ ሲላቸው የሰው ናት አሉት። አጨዳውም ማጠጣቱም የእኔ ነውና ከጉልበቱ ጻፈው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አፈርኩ። እንግዲያው ሳይደክሙ የሚያገኙት የለም ብሎ ሊዘጋው ሲል፣

"ኧረ አለ፣ አልሀምዱሊላህ" አሉ። "ደሴ አንድ ሰው አለኝ። አላጭድለት፣ አላጠጣው። ኢድ በመጣ ቁጥር ነጂ ሳያሻው በእግሩ መጥቶ ስኳርና ሳሙና ይሰጠኛል። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወላሂ አንድ ቀን አላጓደለም።"

ልጁም፣ "የራስዎ ነው ወይስ የጋራ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"የራሴ ነው" አሉ።

ጻፈው።

ስኳሩን አስረክቤ፣ የላሚቱን ነገር ሳላነሳ ተመለስኩ። ጣሪያዬ አሁንም ያፈሳል። አረፋ ደግሞ እየደረሰ ነው፤ መሄዴ አይቀርም። ከቀረሁማ ዘነበችን ቆዳውን አምጪ ይሏታል።