እስቲ አንዴ ሳልልን

የታመመ ሕፃን ሲያዩ «እስቲ አንዴ ሳልልን» የሚሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን መቐለ ውስጥ አንድ ክሊኒክ አንዱ አጋጥሞኛል።

ሐኪሟ ልጄን አይታ ክሩፕ ነው አለችኝ። የአየር መተላለፊያው ጉሮሮው አካባቢ አብጦ ስለሚጠብ ሳሉ የውሻ ጩኸት ይመስላል። «በሽሮፕ ይሻለዋል፤ ብቻ እንዳታስለቅሺው፣ ሲያለቅስ ትንፋሹ ይብስበታል» አለችኝ። እኔ ሳይነግሩኝም የምጨነቅ ሰው ነኝ፤ ልጄን እንደ እንቁላል ይዤ ወጣሁ።

መድኃኒት የሚሰጠው የበሽታው ኮድ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ነው። ኮድ አስገቢው ወጣት ግን ጠንቃቃ ነው። ሐኪሟ ክሩፕ ብላ መጻፏ አልበቃውም።

«ማሙሽ፣ እስቲ አንዴ ሳልልን፤ በጆሮዬ ሰምቼ ላረጋግጥ» አለው።

ልጄ ለንቦጩን ጣለ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ወረፋ የያዙ አንዲት ከቁሓ ከተማ የመጡ እናት ቀደሙኝ። «አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚሳለው» ብለው እንደ ውሻ ሳሉለት።

«አይደለም አደይ፣ አይደለም እናቴ፣ የክሩፕ ሳል ወፈር ይላል» ብለው አጠገባቸው ያሉት መምህር አረሟቸውና እሳቸውም ሳሉ። ጥበቃው ደግሞ ከበሩ ላይ ሁለቱንም አስናቀ። ልጄ ማልቀሱን ረስቶ መሳቅ ጀመረ። ታዲያ እንዳያቆሙብኝ ብዬ እኔም አብሬ ብስል ይፈረድብኛል?

ሐኪሟ በሯን ከፍታ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

«የሕፃኑን ክሩፕ ብለህ አስገባ» አለችው ወጣቱን፤ «ለነዚህ የሚሆን ኮድ የለንም።»

ልጄ ሽሮፑን እየሳቀ ጠጣ። ጉሮሮዬን እያመመኝ ወደ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ።