ሽማግሌ የተላከበት በጎ ፈቃደኛ

አንባቢዬ፣ በነጻ የሚሠራ ሰው ሥራውን መልቀቅ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ?

ታደሰ ከሰፈራችን ከፖይንት ኩክ የአውሎ ነፋስ አደጋ እርዳታ ቡድን መልቀቁን በኢሜይል አሳወቀ። ትልቁን መኪና የሚነዳልን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የቡድኑ አስተባባሪ ጋሼ ኃይሉ አንድ ጡረተኛ ጓደኛቸውንና ቁጥር ለመሙላት እኔን አስከትለው ለሽምግልና ቤቱ ሄዱ።

«እሺ ካላልክ አንቀመጥም» አሉት፣ ሳሎኑ ውስጥ ቆመው።

«ጋሼ፣ ማንም አላስቀየመኝም። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጥያት ስለምወጣ፣ ልጄ አሁን ስልኬ ሲጠራ ታለቅሳለች።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ተቀመጡ።

«እንግዲያው በወር አንዴ ና። ለሌላው ቀን ከእኛ አንዱ መንዳት ይማራል።»

ከሦስታችን ከሰባ ዓመት በታች የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርቱን ቅዳሜ እጀምራለሁ።