ጋሽ ደበሌና ታናሿ ሮኬት

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ከተማ የለም፤ የቡታጅራው ግን የኔው አጎት መሆኑ ነው ጉዱ! ሊቀ ሊቃውንት ዘቡታጅራ፣ ክቡር ጋሽ ደበሌ፣ በርበሬና ቅመም ቸርቻሪ። ከመርካቶ ለመጠቅለያ የሚያመጣውን አሮጌ መጽሔት ሳያነብ አንድ ገጽ አይቀድም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰቅሎ «ቆይ፣ ይኼን እኔ ልንገርህ» ይላል።

ሐኪሙን ስለ ኩላሊት፣ ሾፌሩን ስለ ሞተር ያስተምራል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ግብፆች ሬሳ እንዴት እንደሚያደርቁ ለሟች ልጆች ሲያብራራ ሰምቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ወጥቻለሁ።

አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ የወጡ ክረምት ደግሞ ባሰበት። «ጨረቃ፣ ጨረቃ ትላላችሁ! መንገድ የጠረገችውን ትንሿን ሮኬት ማን ያነሳታል?» እያለ ገበያተኛውን ይቆጣል።

እኔ በዚያው ሰሞን ዓለምዘውድን ላገባ ልቤ ቆርጧል። አባቴ በሕይወት ስለሌለ፣ በደንባችን ሽምግልና የሚሄደው የአባት ወንድም ነው። ምን ይደረግ! ጎረቤታችንን ሀጂ ሙሀመድአወልን አብረውት እንዲሄዱ ለመንኩ። «ሀጂ፣ አደራዎን፣ ስለ ሮኬት እንዳያወራ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ፣ ብዙም ሳይተማመኑ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ የዓለምዘውድ አባት አቶ ገብረእግዚአብሔር ደጅ ሲደርሱ፣ እኔ ከቤቱ ጎን እንሰት ውስጥ ተደብቄ፣ በቅጠሉ መሃል እያየሁ አዳምጣለሁ። ሀጂ እንደ ወጉ ልጅቷን ጠየቁልኝ። የልጅቷ አባት ተከዙ።

«ብሰጣችሁ ደስ ባለኝ። ግን ታላቋ ዘነበወርቅ ገና ቤት ናት። ታናሿን አስቀድሜ ከዳርኩ እሷን በአገር ፊት ማሳፈሬ ነው። አይሆንም።»

ሀጂም ሊሰናበቱ ሲሉ የማውቀው ድምፅ ተሰማ። «ቆይ አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ ይኼን እኔ ልንገርዎ።»

በቃ፣ አለቀልኝ!

«የጀርመን ጦርነት ሲያበቃ አሜሪካኖች ትልቅ ሮኬት ሊሠሩ አሰቡ። እሷ ስትዘገይ ትንሽ ሠሩ፤ ታናሽ እህቷ አሏት። ሥራዋ ላይኛውን አየር መለካት ነው። በረሃ ላይ ማማ ተክለው ተኮሷት። ሠላሳ ኪሎሜትር ብትወጣ ብለው ነበር፤ ከእጥፍ በላይ ወጣች! ታላቋም ኋላ በተራዋ ተነሳች፤ ማንም አላፈረባት።»

«እና ልጄን ልትተኩሷት ነው?» አሉ አባት።

«ኧረ ምሳሌ ነው! ሥራዋን ስትጨርስ አፍንጫዋ ተነቅሎ በዣንጥላ ይወርዳል...»

«የማን አፍንጫ?!»

ሀጂ «ያ አላህ» ብለው ሳል ጀመሩ። እኔ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አጠገቤ ቢኖር ከቆጮው ጋር እቀበር ነበር። ሚስትም ቀረች፣ ስምም ቀረ፣ ከዚህ አገር የሚያወጣኝን አውቶቡስ ሳስብ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

የወጣችው ዘነበወርቅ ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሷ ነገር ስለሚነሳ ጓዳ የምትደበቀው ዘነበወርቅ።

«ጋሽ ደበሌ፣ ታላቋስ በመጨረሻ ምን ሆነች?»

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ።

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ ልጄ። መጽሔቱ እዚያ ላይ ተቀዶ ነበር።»

ዘነበወርቅ ሳቀች። «እንግዲያው መጨረሻዋ ገና ነዋ! አባዬ፣ ስጣቸው። እኔን የሚያሳፍረኝ የሷ ማግባት አይደለም፤ በኔ የተነሳ ሽማግሌ ከደጅ ሲመለስ ነው።»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ከበሩ ገለል አሉ። ከዚያ እንግዶቹን «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። እኛ አገር ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። ልጅቷን ባገኝም ስለ አፍንጫው ጉዳይ አጎቴን ልክ ላገባው ተዘጋጅቻለሁ። ሀጂ ቀደሙኝ።

«አንተ ደበሌ፣ የታላቋን መጨረሻ እውነት አታውቀውም?»

አጎቴ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እንዴት አላውቅም! የጦር መሣሪያ አደረጓት። ታዲያ ይኼ ለዚያች ልጅ ይነገራል?»

ልናገር ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥኩት። ከትከሻው የተንሸራተተውን ጋቢውን አነሳሁለትና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ ስለዚያች ትንሿ ሮኬት ንገረኝ።»