ከአንድ ስልክ ቁጥር የመጡ አቤቱታዎች

በየሰፈሩ አንድ አቤት ባይ አለ። የለም የተባለበት ሰፈር ካለ፣ ወይ ገና ሰው አልገባበትም፣ ወይ የአቤት ባዩ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። መንገድ ይቆፈራል፣ ይደፈናል፣ ደግሞ ይቆፈራል፤ አቤት ባዩ ግን ንቅንቅ አይልም።

የማዘጋጃ ቤቷ መረጃ ተንታኝ የዚህን ወገን ታላቅ ተወካይ ያወቀቻቸው በአካል ሳይሆን በሠንጠረዥ ነው። ሥራዋ ነዋሪው በነጻ የስልክ መስመር የሚያሰማውን አቤቱታ በኮምፒውተር እየደመረች በከተማው ካርታ ላይ ማስፈር ነው፤ ብሶት የበዛበት ሰፈር ቀይ ይሆናል፣ ዝም ያለው አረንጓዴ። የጥገና ቡድኑ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ እንደ ፍም ቀልቶ ሲያስቸግራት ውስጡን ፈተሸችው። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አቤቱታ ሦስት መቶ ዘጠናው የመጣው ከአንድ ስልክ ቁጥር ነበር።

ስልክ ተቀባዮቹን ብትጠይቃቸው ሳቁ። ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ እነሱ ግን «ክቡር አቤት ባይ» ነው የሚሏቸው። ክቡርነታቸው መብራት ሲጠፋ ይደውላሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ደከመ ብለው ይደውላሉ። የቆሻሻ መኪናው ቢዘገይ ይደውላሉ፤ በሰዓቱ ቢደርስ ጥሩንባው ሕፃን ቀሰቀሰ ይላሉ። ሲጀምሩ «ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ» ነው፤ ሲጨርሱ የአቤቱታውን ቁጥር ጽፈው ይይዛሉ። አንዷ ስልክ ተቀባይ ለሠርጓ ፈቃድ ወጥታ በነበረ ጊዜ እንኳን፣ የተካቻት ልጅ እጇ ቀርፋፋ ነው ብለው አመልክተዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ብሶባቸዋል። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያንኑ አንድ ነገር፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ተሰርቋል። ተንታኟ ታከታት። አሥራ አንዱን አቤቱታ እንደ አንድ ቆጠረችው፤ ከጀመርኩ አይቀር ብላም ከአንድ ቁጥር በወር ከሦስት አቤቱታ በላይ እንዳይቆጠር ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ክዳኑም ከሳምንቱ የጥገና ዝርዝር ወጣ። እሷም የሠራችው ሥራ አኩርቷት በጊዜ ቤቷ ገባች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክቡርነታቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ስልክ ተቀባይዋ ያሉትን እንዳለ ጽፋዋለች፦ «ሰኞ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ልትወልድ ነው። እኔ ከሄድኩ እዚያ ማን ይቆማል?»

ይህች «ማን ይቆማል» ተንታኟን ከነከነቻት። ዓርብ በጠዋት ተነስታ ሄደች።

ጉድጓዱ ከዳቦ ቤቱ መታጠፊያ ላይ አፉን ከፍቷል። አጠገቡ አንድ ባርኔጣ የደፉ አጭር ሽማግሌ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ከማዶ አንድ ዓይነ ስውር ወንበር ጠጋኝ በዘንጉ መንገዱን እየዳበሰ መጣ። ሽማግሌው ይሄኔ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና «ዛሬም ተገናኘን? እኔም ዳቦ ልገዛ ነው» ብለው ክንዱን ያዙት። ወሬ እያወሩለት በጉድጓዱ ጥግ አሳልፈው ወሰዱት።

ዳቦ ሻጯ የቀረውን ነገረቻት። እዚህ ሰፈር ስልክ ይዞ ግማሽ ሰዓት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ችግሩን ለእሳቸው ይነግራል፣ እሳቸው ይደውላሉ። ተንታኟ እንደ አንድ ነዝናዛ የቆጠረችው ሰፈሩን በሙሉ ነበር። ኀፍረት ወረራት። ሽማግሌው ሲመለሱ ማንነቷን ነገረቻቸው።

«ከዝርዝሩ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ባይጨቀጭቁን ኖሮ ይህን ሰፈር ማን ያየው ነበር? እግዜር ይስጥልኝ።»

መመስገን አልለመዱም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «ምስጋናው ይደርሳል» አሉ። «ክዳኑስ?»

ያን ቀን ቢሮ ገብታ ትእዛዙን ሰረዘችው፤ ሰፈሩ መልሶ ቀላ። ለጥገና ቡድኑ ኃላፊም ሦስቴ ደወለች፤ በሦስተኛው እባክሽ ተይኝ አላት። ቅዳሜ ክዳኑ ተገጠመ።

ሰኞ ሽማግሌው በማለዳ አውቶቡስ ሄደዋል። ተንታኟ ወደ ሥራ ስታልፍ ወንበር ጠጋኙን ክዳኑ ላይ ቆሞ በዘንጉ ሲያንኳኳ አገኘችው። ከማዘጋጃ ቤት መሆኗን ስትነግረው ፈገግ አለ።

«ጋሼ ዳቦ ልገዛ ነው እያሉ ሁለት ሳምንት ወሰዱኝ» አላት። «ስኳር ስላለባቸው ዳቦ ከተዉ ስንት ዓመታቸው! ጉድጓድ መኖሩን ከሽታው አውቄው ነበር፤ አፉ የት እንደሆነ ነው የጠፋኝ። ማወቄን ግን አልነገርኳቸውም። በጠዋት የሚያዋራኝ ሌላ ሰው የለኝም።»

ተንታኟ ሰዓቷን አየች፤ ረፍዶባታል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል፤ ቢሆንም ክንዷን ሰጠችውና አብረው ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዱ።