የክቡር ቢሆንስ ተውላጠ ስም

የምሥራች! ወጣ! ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ የኖረ አንድ ቃል ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ፣ በማይክራፎን ወጣ! አራት ፊደል ብቻ ነው። የወጣው ግን እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው። አሁን መርፌ ብይዝ የራሴን ጣት ነው የምሰፋው። ስለዚህ እስክረጋጋ ልጻፈው።

የማን ቃል? አትቸኩሉ። ባለቤቱም አይቸኩሉም።

መንደርም ሆነ ከተማ፣ አንድ የፊልም ሕመምተኛ የሌለበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ትናንት አንድ ፊልም አየሁ፣ በሳቅ ነው የገደለኝ» ስትሉት፣ ለቅሶ የደረሰ ይመስል አንገቱን ደፍቶ «የማን ሥራ ነው?» የሚላችሁ ሰው ነው። ተኩስ ያለበት ፊልም ያመዋል። ሳቅ ያለበት ያጠራጥረዋል። አንድ ሰው ከወንበር ተነስቶ በር እስኪከፍት ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት ፊልም ከሆነ ግን፣ ያውም ስሙን አስተካክለን ልንጠራው ከማንችለው አገር የመጣ ከሆነ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል።

የኛው ሕመምተኛ መድኃኒት ሻጭም ናቸው። መድኃኒት ቤታቸው ከልብስ ስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አላገቡም፤ ነጭ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ክቡር ቢሆንስ እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣላቸው ጭንቀታቸው ነው። በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ፊልም ያሳያሉ፤ የመስኮቱን ጥቁር መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት የሚደወለው ለኔ ነው።

«የፕሮጀክተሩ አምፖል ቢቃጠልስ?»

«መለዋወጫ አለ አይደል፣ ክቡርነትዎ?»

«መለዋወጫውም ቢቃጠልስ? ሰው ባይመጣስ? ቢመጣስና ባይወደውስ? ወዶትስ ምክንያቱ የተሳሳተ ቢሆንስ?»

ፊልም አያዩም፤ ይታመሙታል። አንድ ጊዜ ፈረስ ዝናብ ላይ የሚቆምበት ፊልም አይተው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ፈረሱ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፤ «ምንም አልሆነም። እሱ ነው የከፋው።» ባለቤቴ በዚያው ሳምንት የደም ግፊት ክኒን ሊገዛ ሄዶ፣ ብልቃጡ ላይ በእጃቸው የተጻፈ ማዘዣ ይዞ መጣ፤ «ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። መሃሉ ይከብዳል፤ መጨረሻው ላይ ተስፋ አለ» ይላል። ክኒኑን ለመዋጥ ሦስት ቀን ፈራ። እንቅልፍ እምቢ ላላት ጎረቤታችን ደግሞ ጉድጓድ ስለሚቆፍር ቤተሰብ የሚተርክ ፊልም አዘዙላት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደ ሕፃን ተኛች። ልታመሰግናቸው ብትመጣ አኮረፏት።

«አሰለቸኝ» ብላችሁ የነገራችኋቸው እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይቆዩ። ገና አልገባንም።»

ፊልሞቹ ከሥራቸው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ንግግር ይዘው ነው የሚመጡት። ክቡርነታቸው ጽሑፉን በየሳምንቱ ወደ አማርኛ ይመልሱና፣ ቅዳሜ በአንዲት ትንሽ መብራት ሥር ተቀምጠው በማይክ ያነቡልናል። የወንዶቹን ንግግር እሳቸው፣ የሴቶቹን ደግሞ ወይዘሪት ቃለ ጉባኤ።

ቃለ ጉባኤ የምንላት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ስትጽፍ የኖረች ጓደኛዬ ናት። በዚያች መብራት ሥር ሁለቱ በወረቀት ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ ተጋብተዋል፣ አራት ጊዜ ተፋትተዋል፣ አንድ ጊዜም መርዝ አጠጥታቸዋለች። የአዳራሹ መብራት ሲበራ ግን፦

«ደከሙ አይደል?»

«ኧረ የደከሙትስ እርስዎ ነዎት።»

«በሉ ይቅደሙ።»

«ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

እነሱ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እኛ ከኋላቸው እንቆማለን። ሌላው ሰው አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ተባብሎ ትዳር ይመሠርታል፤ እነዚህ እርስዎ ይብሱ፣ እርስዎ ይብሱ ሲባባሉ ስድስት ዓመት ደፍ ላይ ቀሩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቃለ ጉባኤ ሱቄ መጥታ «ወፍራም ካፖርት ስፊልኝ» አለችኝ።

«የት ልትለብሺው? እዚህ ብርድ የለ።»

«እዚያ አለ።»

የዕድገት ደብዳቤ ደርሷታል። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ወደሆነ፣ ተራራ ላይ ወዳለ ከተማ፣ ከፍ ወዳለ ፍርድ ቤት። መልሷን የምትሰጠው ሰኞ ጠዋት ነው፤ የፊታችን ሰኞ፣ ከነገ ወዲያ ማለት ነው።

«ትሄጃለሽ?» አልኳት፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጣልኩ።

«አንቺዬ፣ ቆዪ ያለኝ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ ልበልሽ?»

«አንቺማ ደንበኛ እንዳይጎድልብሽ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከትከሻዋ አልወረደም፤ ስለካት ነበርና ታወቀኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝና «ነገ ነይ» ስል ኖሬያለሁ። የዚህ ካፖርት «ነገ» ግን በሃያ ስምንት ዓመት የስፌት ዘመኔ የመጀመሪያው የታሰበበት ነው። አንድ ቀን ክር አለቀ። አንድ ቀን ገበሩ አልመጣም። አንድ ቀን ሌላ ሰበብ ባጣ ግራ እጅጌውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ገጥሜ «ወይ ጉዴ!» አልኩ።

ለክቡርነታቸውም ነገርኳቸው። የሆዴን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልችልም። «ቃለ ጉባኤ ልትሄድ ነው።» ፊታቸው ከጋዋናቸው ጋር አንድ ሆነ። «ትልቅ ዕድገት ነው» አሉ። ክኒን ይቆጥሩ ጀመር፤ ተሳሳቱ፤ እንደገና ቆጠሩ። ቀና ሳይሉ፣ «ካፖርቱ... ያሞቃል?»

ሰው እንዲህም ሆኖ ይወዳል!

እንደ ጉድ ደግሞ በዚያው ሳምንት መተርጎም የጀመሩት ፊልም ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት አከራይና ስለ ተከራይዋ ነው፤ ተከራዩ ፒያኖ ቃኚ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ሌላ ነገር አትጠብቁ። ችግሩ፣ ከሥር ያለው የባዕድ ጽሑፍ ለሰው ሁሉ አንድ መጠሪያ ነው ያለው፤ ለንጉሥም ለድመትም ያው ነው። አማርኛ ግን መሸሸጊያ የለውም። «ሻይ ልቅዳ?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ «ልቅዳልህ» ነው ወይስ «ልቅዳልዎት» የሚለውን መወሰን የግድ ነው። አከራይዋ ሰውዬውን «አንተ» የምትለው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? እሱስ «አንቺ» የሚላት?

ክቡርነታቸው እንቅልፍ አጡ። የሚያስሉ ደንበኞቻቸውን መጠየቅ ጀመሩ።

«ሽሮፑን በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎን አንተ ያሏቸው መቼ ነበር?»

«መጀመሪያ ያናደደኝ ቀን!» አለች ሴትዮዋ፣ ሳሏን አቋርጣ።

ሐሙስ ዕለት መድኃኒት ቤቱ ጓሮ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ንባቡን ሲለማመዱ ካፖርቱን ልለካ ገብቼ ነበር። ስለ ፊልሙ ነበር የሚከራከሩት። ይመስል ነበር።

«ሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ» አለች ቃለ ጉባኤ፣ «የባሏን ጓንት ስትሰጠው። እዚያ ጋ አንተ ትበለው።»

«ቢከፋውስ?»

«ማን?»

«ፒያኖ ቃኚው።»

«ደስ ቢለውስ?»

ክቡርነታቸው እርሳሳቸውን ቀረጹ። የተቀረጸ ነበር። «የለም» አሉ። «እስከ መጨረሻው እርስዎ ነው። ክብር ነው።»

«ክብር ከብርድ አያስጥልም» አለችና፣ እንዳሏት ጻፈች። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። እኔ አንገትጌዋ ላይ መርፌ እየሰካሁ፣ እኚህን ሰውዬ ማን በወጋልኝ እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ ደወሉልኝ። ስለ አምፖል አንድም አልጠየቁ። አራቱንም ጊዜ «ምንም አይደለም» ብለው ዘጉ። ያኔ ነው እኔም የፈራሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊልሙ ጀመረ። ከመጨረሻው ረድፍ፣ ለመተኛት የሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር እግሩን ዘረጋ። የመጀመሪያው ሻይ ተጠጣ፤ እርስዎ። ሁለተኛው ተጠጣ፤ እርስዎ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሰኞ እየመጣች ነው፤ እነዚህ ሰዎች «ስኳር ይጨምሩ» ይባባላሉ።

ሰባ አንደኛው ደቂቃ ደረሰ። አከራይዋ መሳቢያውን ከፈተች። ጓንቱን አወጣች። ወረቀቱ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ፦ «እጅዎ በርዷል፤ ይውሰዱት።»

ቃለ ጉባኤ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እጅህ በርዷል። ውሰደው።»

አዳራሹ ትንፋሹን ሳበ። ሃያ ዓመት አንዲት ነጥብ ሳታዛንፍ የጻፈች ሴት! ማይኩን ለክቡርነታቸው አቀበለች። ፒያኖ ቃኚው ተናገረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አየን፤ ዘጋ። ከማይኩ ምንም አልወጣም። የተሰማው ምራቃቸውን ሲውጡ ብቻ ነው፤ እሱ በሁለቱም ድምፅ ማጉያ ተሰማ። ፒያኖ ቃኚው ጓንቱን አድርጎ ወጣ፤ በሩ ተዘጋ፤ መንገዱ መጣ።

ስለዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነግሩን ከርመዋል። በረዶ የለበሰ ባዶ መንገድ፤ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ፤ ሰው የለ፣ ውሻ የለ። እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ እኔ ሁልጊዜ የነገ ሥራዬን ነው የማስበው። ዛሬ ግን ወንበሬን ጨብጬ ያንን መንገድ ለመንኩት፤ አትለቅ፣ ትንሽ ቆይ፣ ሰውዬው እስኪደርስ ጠብቀው። ስድስት ዓመት አንድም ቅዳሜ ሳልቀር ስሰለችበት የኖርኩት ነገር ለምን እንደሚረዝም ያኔ ገባኝ። አንዳንድ ሰው አለ፣ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አፉ የማይከፈት። እንዲህ ላለው ሰው ነው ለካ የሚሠሩለት!

አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ክቡር ቢሆንስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ማይኩ ጎንበስ አሉ።

«አትሂጂ» አሉ።

«አይሂዱ» አላሉም። አትሂጂ!

ከመጨረሻው ረድፍ የአውቶቡስ ሾፌሩ ብድግ አለ። «እንዴ! የሚሄደው እኮ ሰውዬው ነው! ትርጉሙ ተሳስቷል!»

ቃለ ጉባኤ ዞር አላለችም። ማይክም አልያዘችም፤ ግን ሁላችንም ሰማናት።

«ቁጭ በል ወንድሜ። ትርጉሙ ልክ ነው።»

የቀረውን ፊልም ማን እንዳነበበው፣ መነበቡንም አላስታውስም። መብራቱ ሲበራ ማንም አልተነሳም፤ ወንበር እናነሳለን እያልን ያው ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ቃለ ጉባኤ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

«ሰኞ የምሰጠው መልስ ነው። ተናገር፣ እጽፋለሁ።»

«እንደ... እርስዎ እንደፈቀዱ—»

«አንተ!»

«እሺ። እሺ። እንደፈቀድሽ።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ። የምጽፈው የተባለውን ነው።»

ክቡርነታቸው ላባቸውን ጠረጉ። «ለ... ለክቡር ፍርድ ቤት። ስለ ዕድገቱ እያመሰገንኩ፣ ባለሁበት መቆየቴን...»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ምክንያት?»

«ምክንያት ግዴታ ነው?»

«በሕግ ግዴታ ነው» አለች፤ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ እኔ ልብስ ሰፊዋ እንኳ አውቃለሁ።

«ምክንያቱ... ምናልባት ቢሆንስ...»

«ቢሆንስ ምክንያት አይሆንም።»

ጆሮዋ ጋ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ረዘም ያለ ነበር። አንገቴን እንደ ሰጎን ብዘረጋም አልሰማሁም። እሷ ግን ጻፈችው፤ እየጻፈች አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከታች ፈረመችና እስክሪብቶውን ሰጠችው። ሰጠችው አልኩ? ሰጠቻቸው። አይ፣ ሰጠችው! እኔም ደክሞኛል በአንቱታ።

ወደ ሱቄ ስመለስ ሁለቱ አዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ እሱ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው እየተጨነቀ ነበር፤ «እማዬ ቢደነግጡስ? ባይደነግጡስ?» ይላል። እሱ ከተጠበቀ ቃል ሲመርጥ ሦስት ሳምንት ይከርማል። እናቱ ያሉት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጆሯቸውም ከበድ ብሏልና መጮህ ይኖርብኛል፤ ደረጃው ሁሉ ይሰማል። ይስማ! ሱቁን ባለቤቴ ይዝጋው። ጫማዬን ብቻ ላጥልቅ — ሄድኩ!