አንድ ኢን ውሃ ለአንድ ሰው

ውሃ በኦሪት መስፈሪያ የሚያካፍል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ግን ቤይሩት፣ ፋናር የሚባል ሰፈር፣ በዘጠናዎቹ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አብሬ ኖሬአለሁ።

ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል ነበርን። ውሃ ሲጠፋ ጠዋት የሚደርሰን አንድ ባለ ሃያ ሊትር የዘይት ቆርቆሮ ብቻ ነው። በሊትር ስንካፈል ሁላችንም እንሰርቅ ነበር፤ ምን ይደበቃል? ፀቡ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

አንድ ቀን ታላቃችን እትዬ አልማዝ፣ «ኸላስ! በቃ!» ብለው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጀርባ ያለውን የጥንት መስፈሪያዎች ሰንጠረዥ ገለጡ። «ይህ ቆርቆሮ አንድ ባዶስ ነው፤ አንድ ባዶስ ደግሞ ስድስት ኢን ነው። እኛም ስድስት ነን። ያኒ፣ ለአንድ ሰው አንድ ኢን! የሰረቀች ከሙሴ ጋር ትተያያለች!» ኢኗንም ወደ ሊትር መልሰው፣ በጆጉ ላይ በጥፍር ቀለም አሰመሩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይድፈር? ሊትር የማይፈራ ሌባ ሁሉ ኢን ፈራ። እሳቸው ለሁላችን ቀድተው መጨረሻ ላይ ለራሳቸው ይቀዳሉ።

ወሬ አይቅርብኝ ብዬ ሰንጠረዡን ሰርቄ አየሁት። ለካ ባዶስ ሃያ ሁለት ሊትር ኖሯል፤ ቆርቆሯችን ግን ሃያ!

«እትዬ፣ ሁለቱ ሊትር ከማን ይጎድላል?» አልኳቸው።

በአንድ እፍኝ ውሃ ፊታቸውን እየታጠቡ፣ «ዝም በይ፣» አሉኝ፤ «ልጆቹ ከሰሙ ወደ ሊትር እንመለሳለን።»