ለአጥር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ቤት ሲሠራ የሚጣላው ከግንበኛው ጋር ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር። እኔም በዚህ ከማንም አልለይም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን እለያለሁ። እንዴት እንደምለይ ላጫውታችሁና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

የፊት ለፊት አጥር ማንንም አያጣላም። የራስህ ነው፤ ብትፈልግ ወርቅ ቀባው። ጠበኛው የጎን አጥር ነው። ሲቆም ሁለቱም ጎረቤቶች የኔ ነው ይላሉ፤ ሲወድቅ ግን ባለቤት የለውም። አምባ ጊዮርጊስ የማውቃቸው ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ግቢ ተካፈሉና አንዱ በድንጋይ እንጠር አለ፣ ሌላው በእንጨት። አልተስማሙም። ምን አደረጉ? በመሃል አንድ ክንድ ትተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጠሩ። በመሃሉ ሳማ በቀለበት። አንድ ቀን ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለች። ማን ያውጣው? ያወጣ ሰው መሬቱ የኔ ነው ማለቱ ነውና ሌላው ይከሰዋል። ሁለቱም ዳር ቆመው ሲተያዩ ዶሮዋ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች። ይህን በሰማሁ ጊዜ እንባዬ እስኪፈስ ስቄ ነበር። የሰው አጥር ሁልጊዜ ያስቃል።

እኔ የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ቢሮ ነው የምሠራው። ጎረቤቴ አያ ሞላ ይባላሉ። የወገራ ገበሬ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከተማ ገብተው አስተማሪ ከሆነችው ልጃቸው ከጥሩወርቅ ጋር ይኖራሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። እኔ ቤት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ማሩ አለ። ሥራው ደባርቅ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር እኔን ሰላም ሳይል በፊት ዓይኑ ወደ አያ ሞላ ግቢ ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ ለማወቅ መቼም ጠንቋይ አያስፈልግም።

በነሐሴ ዝናብ የጎን አጥራችን ተጋድሞ አደረ። አሮጌ የእንጨት አጥር ነበር። አያ ሞላ ጠዋት ወጥተው አዩትና፣ "ምነው ትጨነቃለህ ልጄ፤ ከአገር ቤት ባሕር ዛፍ አስጭኜ አመጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናጥረዋለን። ሸጋ አጥር ይወጣዋል" አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ አካፋውን ይፈልግ ነበር። እኔ ግን በዚያ ዓመት የክፍል ኃላፊ ሆኜ ነበር። የክፍል ኃላፊ የእንጨት አጥር ሲያጥር አይታችኋል? የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሁሉ ግቢያቸው ድንጋይ በሲሚንቶ ነው። እኔም ድንጋይ አልኩ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እርስዎ አልኳቸው። ድንጋይ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። እኔ የሰማሁት እንቢ ማለታቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። አዎ፣ አሥር እርምጃ ለማይርቅ ሰው በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ። "ጉዳዩ፦ የወሰን አጥር ወጪ መጋራትን ይመለከታል" ይላል። በወደቀው አጥር ላይ ተሻግሬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። የቄስ ትምህርት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ "ማኅተም የለውም" አሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ነገሩ ከአጥርነት አልፎ የክብር ጉዳይ ሆነብኝ።

በጥምቀት ማግስት ማሩ ብቻዬን ጠብቆ አናገረኝ። ከጥሩወርቅ ጋር ከተስማሙ ቆይተዋል። እሷም ለአባቷ ነግራለች። ሽማግሌ ላክልኝ አለኝ። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌ ላኪው እኔ ነኝ። እሺ፣ ትንሽ ታገሥ አልኩት።

ለምን ይታገሣል? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዝምድና ከተጀመረ በኋላ የአጥሩን ግማሽ አምጡ ማለት ነውር ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ድርሻዬን ልቀበል፣ ከዚያ እንዛመዳለን ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ስላችሁ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እናም ሽማግሌ ላክሁ። ለአጥሩ።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ፈንታ፣ አንድ ቄስና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። ሦስቱም በአንድነት የሚገኙት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ እሑድ ጠዋት ይሁን አልኩ። ማሩ ያን ሳምንት ደባርቅ ነበር። እንግዲህ አስቡት። ወሩ ጥር ነው። ቀኑ እሑድ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል። አገሩን የሚያውቅ ሕፃን እንኳ ለምን እንደመጡ ይናገራል። እኔ ብቻ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ ከድንጋይና ከሲሚንቶ በስተቀር የነበረ ነገር የለም።

ግቢዬ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ተጠግቼ በወደቀው አጥር በኩል አያለሁ። አያ ሞላ ወጡ። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ክው አሉ። ተመልሰው ገቡና የክት ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። የመስኮቱ መጋረጃ ትንሽ ተገለጥ አለና ተመለሰ። ግቡ አሏቸው። አቶ ፈንታ ጉዳያችንን ሳንናገር አንገባም አሉ።

የሴት ልጅ አባት ወጉን ያውቃል። ዘመድ ላማክር ይላል። ተመለሱ ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ደጅ ያስጠናል። አያ ሞላ ይህን ወግ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስንቱን በሽምግልና የዳሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን አላስቻላቸውም። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደሟቸው።

"እናንተን ደጅ አላስጠናም" አሉ። "ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው። እናቷ ብትኖር ደስ ይላት ነበር። ሰጥቻለሁ።" ጎንበስ ብለው የቄሱን መስቀል ተሳለሙ።

እኔ አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ። በመሃላችን አጥር የለም፤ ወድቋል። እንጨቱን ተሻግሬ፣ አያ ሞላ፣ ወንድሜን ስለተቀበሉልን እግዜር ይስጥልን ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሽማግሌዎቹም እልል ይሉልኝ ነበር። ይህ ኋላ የመጣልኝ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ቆሜ ነው የመጣልኝ። ግን ወዲያው የአጥሩ ግማሽስ የሚለውም አብሮ መጣ። ኮኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አቶ ፈንታ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አያ ሞላ፣ የመጣነው እንኳ ስለ አጥሩ ነው አሏቸው።

አያ ሞላ ከመስቀሉ ቀና አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የአጥሩ ነው?" አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ "ልክ ነው፤ ድርሻ ድርሻ ነው" አሉ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው። ቃላቸው ግን ደጃፋቸው ላይ ወድቆ የሚያነሳው አጣ። ያቺ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች። እኔ በጓሮ ዞሬ ቤቴ ገባሁ፤ ምሳ ቀርቦልኝ አልበላሁም።

በሳምንቱ ግማሹን በአቶ ፈንታ እጅ ላኩልኝ። አገር ቤት የቀራቸውን አንድ በሬ መሸጣቸውን የሰማሁት ከቆየ በኋላ ነው። ምነው መለስክላቸው አትሉኝም? አልመለስኩም። ተቀበልኩ። በዓቢይ ጾም ግንበኞች ገቡና አጥሩ ተሠራ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ያየው ሁሉ አደነቀው፤ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችም የግንበኛውን ስልክ ጠየቁኝ።

ማሩ ከደባርቅ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀምጦ ሰማኝና፣ "ለእኔ ብትነግረኝ የእሳቸውን ድርሻ እኔ እከፍልህ ነበር" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ አልፎ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለመንኳቸው። አሁን የምር ነው አልኩ፤ ይህን ስል ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አቶ ፈንታ ፊቴን አላዩትም፤ ግን ለማሩ ሲሉ ሄዱ። እኔ ቤቴ ሆኜ ጠበቅሁ። በአጥሩ በኩል እንዳላይ አጥሩ ከለከለኝ።

ሲመለሱ እንደነገሩኝ አያ ሞላ በደንብ ተቀብለዋቸዋል። አስቀመጧቸው፤ ጠላ ቀዱላቸው። አቶ ፈንታ ከጎረቤትዎ ተልከን ብለው ሲጀምሩ፣ አያ ሞላ እጃቸውን አንሥተው፣ ለአጥሩ ከሆነ ከፍያለሁ አሉ። አቶ ፈንታ የለም፣ የአሁኑ ስለ አጥር አይደለም፣ ስለ ጥሩወርቅ ነው አሏቸው።

"እሷንማ ያን ጊዜ ሰጥቻችሁ ነበር" አሉ አያ ሞላ። "የላካችሁ ሰው የፈለገው አጥሩን ነው።"